የሙሴ ዓሣ እና የሻርኩ መንጋጋ

አፍሪካና ዓረቢያ አንድ ምድር በነበሩበት ዘመን ቀይ ባሕር የሚባል ነገር አልነበረም። ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ምድሩ ከመሐሉ መሰንጠቅ ጀመረ፤ የአፋርን በረሃ ዛሬም የሚያናውጠው ኃይል የዚያው ሥራ ተከታይ ነው። ስንጥቁ ሲሰፋ መጀመሪያ በሰሜን በኩል የሜዲትራኒያን ውሃ ገባበት። ያ ውሃ በፀሐይ ተንኖ ወፍራም የጨው ንጣፍ ትቶ ሄደ። በመጨረሻ፣ ከ5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በደቡብ በኩል ባብ ኤል ማንደብ ተከፈተና የሕንድ ውቅያኖስ ወደ ውስጥ ፈሰሰ። ዛሬ በቀይ ባሕር የምናያቸው የኮራልና የዓሣ ዘሮች አብዛኞቹ የገቡት በዚያ በር ነው።

በዚያው በር ከገቡት ወገኖች አንዱ ሶል የሚባለው የጠፍጣፋ ዓሦች ቤተሰብ ነው። ጠፍጣፋ ዓሦች ከቀይ ባሕር እጅግ ይበልጥ ያረጁ ናቸው፤ ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ ዘመዶቻቸው ቅሪት በሰሜን ጣሊያን፣ በሞንቴ ቦልካ ድንጋዮች ውስጥ ተገኝቷል። እዚህ የምተርከው ግን ከመካከላቸው ስለ አንዱ ብቻ ነው። ርዝመቱ ቢበዛ 26 ሴንቲ ሜትር ነው። መልኩ የአሸዋ ሆኖ ቡናማ ዥንጉርጉር አለበት። ሁለቱም ዓይኖቹ በቀኝ ጎኑ ላይ ናቸው፤ በግራ ጎኑ አሸዋ ላይ ተኝቶ ይኖራል። ሳይንስ ፓርዳኪረስ ማርሞራተስ ይለዋል፤ በቀይ ባሕር ዳርቻ ያሉ ሰዎች ደግሞ የሙሴ ዓሣ።

እዚህ ለመድረስ ያለፈበት መንገድ ቀላል አልነበረም። ከ20 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ የበረዶ ዘመኑ በበረታበት ጊዜ፣ የዓለም ባሕሮች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ አሉ። የባብ ኤል ማንደብ በር ጠበበ፤ ወደ ቀይ ባሕር የሚገባው ውሃ አነሰ፤ ሙቀቱ ግን ማትነኑን አላቆመም። ዛሬ በአንድ ኪሎ ግራም ውሃ 40 ግራም ገደማ የሆነው ጨው ያኔ ከ50 ግራም አለፈ። በውሃው ላይ ከሚንሳፈፉት ደቃቅ ፍጥረታት ብዙዎቹ ጠፉ። በረዶው ቀልጦ ባሕሩ ወደ ቦታው ሲመለስ ሕይወቱም እንደገና ሞላ። የሙሴ ዓሣ ዛሬ ከቀይ ባሕርና ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ አንሥቶ በአፍሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ እስከ ደቡብ አፍሪካዋ ደርባን፣ በምሥራቅ እስከ ስሪላንካ ይገኛል።

ቤቱ በኮራሎች መካከልና ጥግ ያለው አሸዋ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 ሜትር የማይጠልቅ ውሃ። ዙሪያውን የከበቡትን ክንፎች አርገብግቦ አሸዋውን በላዩ ይበትናል፤ ከዚያ በኋላ ከውጭ የሚታዩት ዓይኖቹ ብቻ ናቸው። የሚበላው በአሸዋው ውስጥና ላይ የሚኖሩ ትሎችንና ትንንሽ ቅርፊት ለበስ እንስሳትን ነው። ሌሎች ዓሦች በደረታቸው በኩል ያላቸውን ጥንድ ክንፍ እርሱ የለውም። ፈጣን ዋናተኛም አይደለም። ሻርክና ትልልቅ ዓሣ በሚመላለስበት ውሃ፣ እጅ በሚያህል ቁመናው፣ ሮጦ ማምለጥ የማይችል ፍጥረት ነው። ይህን ድክመቱን አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ የሚከተለው ታሪክ ሁሉ የሚጀምረው ከእርሱ ነውና።

ሰዎች ስለ ዓሣው የተናገሩት የመጀመሪያው ነገር አፈ ታሪክ ነው። እስራኤላውያን ባሕረ ኤርትራን ሲሻገሩ፣ ሙሴ በትሩን አንሥቶ ውሃውን ሲከፍል፣ አንድ ዓሣ መሐል ላይ ነበር፤ ባሕሩ ሲከፈል እርሱም አብሮ ለሁለት ተከፈለ፤ ሁለቱ ግማሾች እየዋኙ ሄደው ጠፍጣፋ ዓሦች ሆኑ ይላሉ። ኦሪት ዘፀአት ስለዚህ ዓሣ አንዳች አያወራም። የግብፅ ዓሣ ነጋዴዎች ግን ዛሬም ሶልን በሙሴ ስም ነው የሚሸጡት፤ በእስራኤሏ ኤላት ያሉ ዕብራይስጥ ተናጋሪዎችም ይህንኑ ስም ይሰጡታል። አፈ ታሪኩን የፈጠሩት ሰዎች ዓሣውን በደንብ አይተውታል፤ አንዱ ጎኑ ቀለም ያለው፣ ሌላው ነጭና ዓይን የሌለው መሆኑን አስተውለው ምክንያት ፈለጉለት። ለእኔ ይህ የምርምር መጀመሪያ ነው።

ዓሣው ወደ መጻሕፍት የገባው በአንድ ደሴት በኩል ነው። ፊሊቤር ኮሜርሰን የተባለ ፈረንሳዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ከመርከበኛው ቡጌንቪል ጋር ዓለምን ሲዞር በ1768 እ.ኤ.አ. ሞሪሺየስ ላይ ወረደ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ1773 እዚያው ሲሞት ያየውን ሳያሳትም ነበር፤ ወረቀቶቹና ሥዕሎቹ ግን ፓሪስ ደረሱ። ፈረንሳዊው ሊቅ ላሴፔድ ስለ ዓሦች ታላቁን መጽሐፉን ሲያዘጋጅ በእነርሱ በሰፊው ተጠቀመ፤ ዥንጉርጉሩን ሶል በ1802 በታተመው ክፍል ስም አወጣለት። ላሴፔድ የሕንድ ውቅያኖስን አይቶት አያውቅም። በ1862 ደግሞ የብሪታኒያ ሙዚየም ባልደረባ አልበርት ጉንተር ዓሣው ዛሬ የሚመደብበትን ወገን ፓርዳኪረስ ብሎ ሰየመው።

በእነዚህ ዓመታት መካከል ቀይ ባሕርን በዓይናቸው ያዩ ሰዎችም ነበሩ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ በምጽዋ በኩል ገብቶ እስከ ጎንደር ዘለቀ፤ ጭላዳ ዝንጀሮን ለአውሮፓ ሳይንስ ያስተዋወቀበት ሥራው የቀይ ባሕር ዓሦችንም የያዘ ነው። ከእርሱ በኋላ ክሉንዚንገር የተባለ ሐኪም በግብፅ የቁሴይር ወደብ ለዓመታት ተቀምጦ በሽተኛ እያከመ ዓሣ ሰበሰበ፤ ዝርዝሩን በ1870 እና 1871 አሳተመ።

በዚያው በ1871 ለንደን ላይ ጠፍጣፋ ዓሦች የታላቅ ክርክር ርዕስ ሆኑ። ሴንት ጆርጅ ሚቫርት የተባለ ሊቅ ዳርዊንን የሚሞግት መጽሐፍ አወጣ፤ ከማስረጃዎቹ አንዱ የእነዚህ ዓሦች ዓይን ነበር። ጠፍጣፋ ዓሣ ከእንቁላል ሲወጣ እንደ ማንኛውም ዓሣ ነው፤ አንድ ዓይን በግራ፣ አንድ በቀኝ፣ ቀጥ ብሎ የሚዋኝ ጥቂት ሚሊ ሜትሮች ብቻ የሚሆን እጭ። ከዚያ አንዱ ዓይን ይነሣና የራስ ቅሉን አልፎ ወደ ሌላው ጎን ይሻገራል፤ በሶሎች የሚሻገረው የግራው ነው። አጥንቱ ይጣመማል፤ ዓሣው በጎኑ ተኝቶ ወደ ወለሉ ይወርዳል። የሚቫርት ጥያቄ ይህ ነበር፦ ዓይኑ ሙሉ በሙሉ ካልተሻገረ በቀር ጥቂት መንቀሳቀሱ ለዓሣው ምን ይጠቅመዋል? ግማሽ መንገድ የሄደ ዓይን እኮ አሁንም አሸዋውን ነው የሚያየው። ዳርዊን ስለ ዝርያዎች አመጣጥ በጻፈው መጽሐፍ፣ በ1872 በታተመው ስድስተኛው እትም መለሰለት። ማልም የተባለ ስዊድናዊ፣ ትንንሾቹ ዓሦች በጎናቸው ሲተኙ የታችኛውን ዓይን ወደ ላይ ለማየት ሲያጣምሙ ማየቱን ጠቀሰ። መልሱ ግን ሙሉ አልነበረም፤ የመካከለኛውን ደረጃ የሚያሳይ ቅሪት በእጁ አልነበረውምና። ክርክሩ ከመቶ ዓመት በላይ ተንጠልጥሎ ቆየ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ስለ ሙሴ ዓሣ ዋናው ነገር አልታወቀም ነበር። የሰዎች ትኩረት ወደዚያ የተሳበው በፍጹም ሌላ በኩል፣ በጦርነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መርከባቸው የሰጠመ መርከበኞችና አውሮፕላናቸው የወደቀ አብራሪዎች በሞቃት ባሕር ላይ ሲንሳፈፉ ሻርክ ያስፈራቸው ጀመር። የአሜሪካ ባለ ሥልጣናት ሻርክ የሚያባርር ነገር እንዲሠራ አዘዙ፤ የተሠራው የመዳብ አሲቴትን ከጥቁር ቀለም ጋር የቀላቀለ ጡብ ነበር፤ ከሕይወት ማዳኛ ሰደርያ ጋር ይታሠራል። ሐምሌ 30 ቀን 1945 ኢንዲያናፖሊስ የተባለችው የጦር መርከብ በጃፓን ሰርጓጅ መርከብ ተመታ ሰጠመች። ከ1,200 ገደማ ሰዎች በሕይወት የተረፉት 316 ብቻ ነበሩ። ውሃ ላይ ለአራት ቀናት ከቆዩት ብዙዎቹን የገደላቸው ጥም፣ ፀሐይና ቁስል ቢሆንም በሰዎች ልብ የቀረው ሻርኩ ነው። ያ ጡብ ለአብራሪዎች ልብ መጽናኛ ሆነ እንጂ ሻርክን በአስተማማኝ ሁኔታ አላባረረም፤ በ1970ዎቹ አገልግሎቱ ቀረ።

አሁን የታሪካችን ዋና ሰው ትመጣለች። ዩጂኒ ክላርክ በ1922 በኒው ዮርክ ተወለደች፤ እናቷ ጃፓናዊት ነበረች። አባቷ በሕፃንነቷ ስለሞተ እናት ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሥራ ስትሄድ ልጅቱን በከተማው የዓሣ ማሳያ ቤት ትተዋት ነበር። ልጅቱ ከመስታወቱ ፊት አልተነሣችም። በ1950 ዶክተር ሆነች፤ በሚቀጥለው ዓመት በፉልብራይት ድጋፍ ግብፅ፣ ሁርጋዳ አጠገብ ወዳለው የጎርደቃ የባሕር ምርምር ጣቢያ ሄዳ 300 ገደማ የዓሣ ዝርያዎች ሰበሰበች። በ1953 ያወጣችው መጽሐፍ የሰፊው ሕዝብ መጽሐፍ ሆነ። በ1955 ፍሎሪዳ ላይ የመሠረተችው ትንሽ ቤተ ሙከራ ዛሬ ሞውት የባሕር ቤተ ሙከራ በሚል ስም የሚታወቀው ነው።

በ1962 ወደ ደቡብ ቀይ ባሕር መጣች፤ ያኔ በኢትዮጵያ ዘውድ ሥር ወደነበሩት፣ ዛሬ የኤርትራ ወደሆኑት የዳህላክ ደሴቶች። ጉዞውን ያዘጋጁት የእስራኤል ሊቃውንት ነበሩ፤ ሃይንዝ ስታይኒትዝና አዳም ቤን ቱቪያ አብረዋት ሠሩ። እንተደቢር በተባለችው ደሴት ዳርቻ የሚኖሩትን ዓሦች ማን ከማን ጋር፣ በየትኛው ጥልቀት፣ በምን ዓይነት ወለል ላይ እንደሚኖር መዝግበው በ1968 አሳተሙ። ይህን የመሰለ ሥራ ዝና አያመጣም። ነገር ግን አሸዋን እንደ ባዶ ቦታ ያላየ ዓይን የሚሠለጥነው እንዲህ ነው፤ በኋላ የመጣውም ግኝት የዚህ ዓይን ፍሬ ይመስለኛል።

ስታይኒትዝ በኤላት የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲን የባሕር ቤተ ሙከራ አቋቋመ፤ በ1971 ሞተ። ክላርክ ወደዚያ እየተመላለሰች መሥራቷን ቀጠለች። በኤላት ባሕረ ሰላጤ በመረብ ከወጡት ዓሦች አንዱን ሶል በእጇ ስትይዝ ከክንፎቹ ሥር ወተት የመሰለ ፈሳሽ ወጣ። ፈሳሹ ያሟልጫል፤ ጣቶቿን ወረራቸውና ጨመደዳቸው፣ ደነዘዙም። ሌላ ሰው እጁን ታጥቦ ይረሳው ነበር። እርሷ ግን ዓሣውን ገልብጣ ምንጩን ፈለገች። በጀርባውና በሆዱ በኩል ከራስ እስከ ጅራት በተዘረጉት ሁለት ረጃጅም ክንፎች ሥር፣ በእያንዳንዱ የክንፍ አጥንት ግርጌ፣ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ተደርድረዋል፤ ከቀዳዳዎቹ በስተጀርባ የመርዝ ዕጢዎች አሉ። ቁጥራቸው ከ200 ይበልጣል። ከፈሳሹ ጥቂቱ በገንዳ ውስጥ ሲጨመር የባሕር ጃርትና ትንንሽ ዓሦች ሞቱ።

ከዚያ ወደ ሻርኮቹ ሄደች። በኤላት ገንዳ ሁለት ነጭ ጫፍ የኮራል ሻርኮች ነበሩ። ሕያው የሙሴ ዓሣ በክር ታሥሮ ወረደላቸው። አንደኛው ሻርክ አፉን በሰፊው ከፍቶ ተወረወረ፤ ሊነክሰው ሲል ግን መንጋጋው እንደተከፈተ ቀረ። ራሱን እያወናጨፈ በገንዳው ዙሪያ ሮጠ፣ ዓሣው ግን ምንም ሳይሆን ክሩ ላይ ነበር። ሙከራው ሲደገምም እንዲያው ሆነ። ክላርክ እዚህ ላይ አላቆመችም፤ መርዙ መሆኑን ለማረጋገጥ የአንዱን ሶል ቆዳ በአልኮል አጥባ ሰጠቻቸው፤ ወዲያው ተበላ። ቀጥሎ በክፍት ባሕር ረጅም ገመድ ላይ የተለያዩ ዓሦችን በማታ አንጠለጠለች። ሻርኮች መጥተው ሌሎቹን ሁሉ ሲበሉ የሙሴ ዓሦች ሳይነኩ ቀሩ። ኅዳር 1974 ናሽናል ጂኦግራፊክ ታሪኩን ሲያወጣ ዓለም ሰማ።

ደስታው የሚገርም አይደለም። ሠላሳ ዓመት ያልተገኘ መድኃኒት ከአሸዋ ሥር የወጣ መሰለ። ቆዳው ላይ ቀብቶ መዋኘት፣ ሰደርያ ላይ መርጨት ይቻላል ተባለ። ለኬሚስቶቹ ግን ሥራው ገና መጀመሩ ነበር። በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ናፍታሊ ፕሪሞርና ኤሊያሁ ዝሎትኪን ፈሳሹን አጥንተው በ1978 የመርዙን ዋና ክፍል ለዩ፤ ፓርዳክሲን አሉት። በ1980ዎቹ አጋማሽ ይህ ፔፕታይድ 33 አሚኖ አሲዶች ያሉት አጭር ሰንሰለት መሆኑ ታወቀ። አንዱ ጎኑ ውሃን የሚወድ፣ ሌላው የሚጠላ ስለሆነ በሕያው ህዋስ ሽፋን ውስጥ ይሰነቀራል፤ ብዙዎቹ ሲሰነቀሩ ሽፋኑ እንደ ወንፊት ይሆናል፣ የጨውና የውሃው ሚዛን ይፈርሳል። በዚያው ዘመን የኮጂ ናካኒሺ ቡድን የፓስፊኩን ዘመድ ፓርዳኪረስ ፓቮኒነስን ሲያጠና ከፔፕታይዱ ሌላ ሳሙና መሰል የስቴሮይድ ውሕዶች አገኘ፤ እነርሱም ሻርክን ያባርራሉ።

በ1985 ፕሪሞር ነገሩን ሁሉ የሚያስረዳ ሥራ አወጣ። የፓርዳክሲን ዒላማ የሻርኩ አፍ ውስጥና ስንጥቡ ነው። ስንጥብ ዓሣ የሚተነፍስበትና የጨውን መጠን የሚቆጣጠርበት፣ ቆዳው ስስ የሆነ ቦታ ስለሆነ መርዙ ቶሎ ይገባበታል። አሁን የሙሴ ዓሣን ድክመት መልሰን እናስታውስ። ሮጦ አያመልጥም፤ ስለዚህ ሻርኩ እስኪመጣ ይጠብቃል። ወተቱ የሚወጣው ጠላት በተጠጋበት በዚያች ቅጽበት ነው፤ የሚያርፈውም በተከፈተው አፍ ውስጥ፣ ባሕሩ ሳያቀጥነው ነው። መሣሪያው መርዙ ብቻ አይደለም፤ የመርዙ፣ የቦታውና የቅጽበቱ መገጣጠም ነው።

የሰው ልጅ የፈለገው ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ነበር፤ ሻርኩ ገና ሩቅ ሳለ በዋናተኛው ዙሪያ የሚዘረጋ መከላከያ ደመና። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለእንዲህ ያለ ነገር የጠየቀው ብርታት ከአንድ ቢሊዮን 100 እጅ ብቻ ተበጥብጦም የሚሠራ ነበር። ዝሎትኪንና የማያሚው የሻርክ ሊቅ ሳሙኤል ግሩበር በ1984 አንድ ብልህ እርምጃ ወሰዱ፤ የዓሣው ፈሳሽ የሳሙና ጠባይ ካለው ተራ ሳሙና ነክ ኬሚካልስ? ብለው ሞከሩ። በሻምፑና በጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው ሶዲየም ዶዴሲል ሰልፌት ሻርክን ክፉኛ አባረረ። ርካሽ ነው፣ አይበላሽም፣ ዓሣ መግደልም አያስፈልግም። ነገር ግን የሚያስፈልገው መጠን ባሕር ኃይሉ ከጠየቀው በሺህ የሚቆጠር እጥፍ ነበር። ወደ ሻርኩ አፍ በቀጥታ ከተረጨ ይሠራል፤ በዙሪያ ቢፈስ ባሕሩ ይውጠዋል። ዓሣው ያደረገውን ለማድረግ ዓሣው ያለበት ቦታ፣ ከጥርሱ ፊት፣ መቆም ያስፈልጋል። በገበያ ላይ የሙሴ ዓሣ ቅባት ያልተሸጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ እኔም ይህን እንደ ሽንፈት አላየውም፤ ዓሣውን በትክክል ያወቅነው ያኔ ነውና።

ከ1990ዎቹ ጀምሮ ጥያቄው ዞረ። ሽፋንን የሚበሳ ፔፕታይድ የባክቴሪያንም ሽፋን መብሳት አለበት። በእስራኤል ዋይዝማን ተቋም ይሒኤል ሻይና ባልደረባው በ1996 ከፓርዳክሲን የተወሰዱ ቁርጥራጮች ባክቴሪያን በብርቱ እንደሚገድሉ አሳዩ። አንቲባዮቲክ የማይበግራቸው ጀርሞች በበዙበት ጊዜ ይህ ትልቅ ተስፋ ነው፤ ኋላም በሌሎች ቤተ ሙከራዎች በካንሰር ህዋሳት ላይ ተሞክሯል።

የሚቫርት ጥያቄም መልስ አገኘ። በ2008 ማት ፍሪድማን የተባለ ወጣት ተመራማሪ በአውሮፓ ሙዚየሞች ለዘመናት ተቀምጠው የነበሩ የ50 ሚሊዮን ዓመት ቅሪቶችን እንደገና መረመረ፤ ውጤቱ ኔቸር በተባለው መጽሔት ወጣ። የአምፊስቲየምና የሄትሮኔክቴስ የራስ ቅሎች አንድ ዓይን በቦታው፣ ሌላው ግማሽ መንገድ ተጉዞ ያልተሻገረ ነበር። ያደጉ ዓሦች እንጂ እጮች አይደሉም፤ እንዲህ ሆነው ኖረዋል። ከሁለቱ የአንዱ ሆድ ውስጥ የዋጠው ዓሣ ቅሪት መገኘቱም አድኖ ይበላ እንደነበር ያሳያል።

ዩጂኒ ክላርክ የካቲት 2015 በ92 ዓመቷ ሳራሶታ ላይ አረፈች፤ እስከ መጨረሻዎቹ ዓመታት ትጠልቅ ነበር። በሲና ጫፍ ያለው ራስ መሐመድ በ1983 የግብፅ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ እንዲሆን ከገፉት አንዷ እርሷ ስለነበረች፣ የሙሴ ዓሣ የሚተኛበት ከዚያ ዳርቻ አሸዋ የተወሰነው ዛሬ በሕግ የተጠበቀ ነው። በቤተ ሙከራ የቀረው ችግር ደግሞ ይህ ነው፦ ፓርዳክሲን የባክቴሪያን ሽፋን እንደሚበሳ ሁሉ የሰውን ቀይ የደም ህዋስም ይበሳል። ተመራማሪዎች ከ33ቱ አሚኖ አሲዶች የተወሰኑትን እየቆረጡ፣ አንዳንዶቹን በሌላ እየተኩ፣ ጀርሙን የሚገድልና ደሙን የሚተው ቅርጽ በመፈለግ ላይ ናቸው።